የልጅ ቀለብ ከደመወዝ ስንት እጅ ነው?

ይህን የምጽፈው ወላጆች ሲለያዩ ለልጅ ቀለብ ከደመወዝ «ግማሹ ይቆረጣል»፣ «የለም ሲሶው ነው» የሚለው ክርክር ስለበዛ ነው። በቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ያለ ቁርጥ መቶኛ የለም። ዳኛው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ የልጁ ፍላጎትና የወላጆቹ አቅም።

ለምሳሌ አባት ኮምቦልቻ ፋብሪካ 6,000 ብር፣ እናት ደሴ ላይ ከንግድ 3,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የልጁ ወጪ በወር 2,400 ብር ቢሆን፣ በገቢያቸው ልክ ሲካፈል አባት 1,600 ይደርስበታል። ይህ ማሳያ ስሌት እንጂ ፍርድ ቤትን የሚያስር ቀመር አይደለም፤ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል። ስለዚህ የአሠሪ የደመወዝ ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የወጪ ዝርዝር (የትምህርት ቤት ደረሰኝ ጭምር) ይዞ መቅረብ ነው። የፍቺው መዝገብ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብም መጠየቅ ይቻላል።

የማያከራክረው፦ ቀለቡ የልጁ መብት ነው። እናት በሽማግሌ ፊት «አልፈልግም» ብላ ብትፈርም እንኳ የልጁ መብት አይቀርም። «ልጄን አላሳይ አለችኝ» ብሎ ክፍያ ማቋረጥም አያዋጣም፤ ልጁን የማየት ጉዳይ ለብቻው አቤቱታ የሚቀርብበት ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ውዝፍ (በጊዜው ያልተከፈለ ቀለብ) ላይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ ሊቀር ይችላል። ከፋዩ አልከፍል ካለ ቶሎ የአፈጻጸም መዝገብ (ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት) ማስከፈት፤ ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቆርጦ እንዲከፍል ማዘዝ ይችላል። ከሥራ የወጣ ከፋይ ደግሞ ዝም ብሎ አያቁም፤ ይሻሻልልኝ ብሎ ያመልክት፣ እስኪሻሻል የቀድሞው ትእዛዝ ይሠራል። ክፍያውም በባንክ ይሁን፤ በእጅ የተሰጠ ብር ሲካድ ማስረጃ የለውም።