በእጅ የተሳለ የሽርሽር ምንጣፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜዳ ላይ የሚነጠፍ የጥጥ ሸራ ወይም ወፈር ያለ አቡጀዲ ገዝቶ በራስ እጅ ቀለም መቀባት ከባድ ሥራ አይደለም። ግን አንዳንዱ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ለፍቶ ለፍቶ በመጀመሪያው እጥበት ጉድ ይሆናል።

ያልጀመሩት የሚሉት አንድ ነው፦ «እኔ ሥዕል አልችልም።» አያስፈልግም! ድንች ለሁለት ቆርጦ፣ ቅርጽ አውጥቶ ማተም ይበቃል። የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ መስመር ማውጣትም ያምራል። ምንጣፍ ማንም አፍንጫውን አስጠግቶ አይመረምረውም፤ ይቀመጥበታል እንጂ።

«አዲስ ጨርቅ ንጹሕ ነው፣ ለምን ይታጠባል?» እኔም እንዲህ ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያ ምንጣፌ ከታጠበ በኋላ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆነ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። 2 ሜትር ጨርቅ በ5 በመቶ ቢሰበሰብ 10 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም ግን አብሮት አያጥርም። ደግሞም ብዙ አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጠንከሪያ ተቀብቶ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ክሩ አይገባም። ስለዚህ ቀድማችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። የልብስ ማለስለሻ ግን አትጨምሩ፤ እሱም ክሩ ላይ ሽፋን ይተዋል።

«ቀለም ያው ቀለም ነው» የሚለውም አያስኬድም። የልጆች የውሃ ቀለም ታጥቦ ይሄዳል፤ የግድግዳ ቀለም ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በሌላ በኩል የግድ ውድ የጨርቅ ቀለም መግዛት አለባችሁ ማለትም አይደለም። ተራ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም፣ ለጨርቅ ተብሎ ከተሠራና ቀለሙ ላይ ከሚጨመር ማደባለቂያ ፈሳሽ ጋር ይሠራል። ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ማደባለቂያ ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ሌላ ከሆነ እሱን ተከተሉ። በወፍራሙ መለሰንም አይጠቅምም። ስስ አድርጎ ሁለቴ መቀባት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ጨውና አቼቶ ቀለም ያስይዛል።» ይህ ጨርቅን ማቅለሚያ ውስጥ ከመንከር ሥራ የመጣ ወሬ ነው። አቼቶ ሱፍና ሐር በአንዳንድ ማቅለሚያዎች ሲነከሩ ይረዳል። ጨውም ጥጥ ሲነከር ማቅለሚያው ከውሃው ወደ ክሩ እንዲያመራ ያግዛል። እኛ ግን እየቀባን ነው እንጂ እየነከርን አይደለም። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ መሰል ስስ ሽፋን ሆኖ ክሩን ይጨብጣል፤ እዚያ ላይ አቼቶ ምንም ሥራ የለውም። የሚያጠነክረው ሙቀት ነው። 24 ሰዓት ካደረቃችሁት በኋላ በጀርባው በኩል ተኩሱት፣ ያለ እንፋሎት። ካውያውን ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ እያንዳንዱን ቦታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ ያደርቃል እንጂ የካውያን ቦታ አይተካም።

«ቀለም ስለተቀባ ውሃ አያስገባም» ብሎ እርጥብ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው መልሱን ሱሪው ይነግረዋል። እርጥበት እንዳይገባ ከሥር ላስቲክ ይሰፋለታል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካውያ፣ ከዚያ ላስቲክ። ከተገለበጠ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ካውያውም ይበላሻል። ስፌቱ ዳር ዳሩን ብቻ ይሁን፤ መርፌ የወጋው ሁሉ ውሃ ያስገባል።

«በእጅ የተሠራ ነገር አይታጠብም» ለሚሉት፦ ይታጠባል፤ ግን አንድ ሳምንት ይቆይ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በረኪና የለም። ላስቲክ ያለው ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ሲቀመጥም ከማጠፍ መጠቅለል ይመረጣል። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አጥፋችሁ አትተዉት፤ አክሪሊክ ሲሞቅ ለስለስ ይልና ቀለም ከቀለም ይጣበቃል።