«መድገም የትምህርት እናት ናት»፦ ሩሲያውያን የሚወዷት አባባልና የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ

ሩሲያ ውስጥ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ይህችን አባባል ያውቃታል፦ «ፖቭቶሬኒዬ ማት ኡቼኒያ»። መድገም የትምህርት እናት ናት ማለት ነው። አስተማሪ ለፈተና ሲያዘጋጅ ይላታል። እናት ልጇን ስታስጠና ትላታለች። በሩሲያኛ ቤት ስለምትመታ አንዴ ጆሮ ከገባች አትወጣም። እንግሊዝኛ የሚማር ሩሲያኛ ተናጋሪም ፍሬዛል ቨርብ ላይ፣ ማለትም ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ትርጉሙ የሚቀየር ግስ ላይ ሲደርስ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ድገም፣ ደጋግም።

ምክሩ ልክ ነው። ግን ምኑን ነው የሚደግመው? እንዴት አድርጎ? ብዙ ተማሪ በከንቱ የሚለፋው እዚህ ላይ ነው። የአባባሏን አመጣጥ ማወቅም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አባባሏ ሩሲያ ውስጥ አልተወለደችም። ከላቲን የመጣች ናት፤ «ሬፔቲቲዮ ኤስት ማቴር ስቱዲዮሩም»። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ ውስጥ ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሰው ላቲን መማር ግዴታው ነበር። ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1687 የተከፈተው የስላቭ፣ የግሪክና የላቲን አካዳሚ ላቲን ከሚያስተምሩት ዋና ዋና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በኋላ ታዋቂ የሩሲያ ሊቅ የሆነው ሚካኢል ሎሞኖሶቭ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1731 ነው። ከሰሜን፣ ከነጭ ባሕር አካባቢ የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ዕድሜው 19 ነበር። አብረውት የሚማሩት ግን ትንንሽ ልጆች ነበሩ። በዚህ ዕድሜው ላቲን ሊማር መጣ እያሉ ጣት ይቀስሩበት እንደነበር በኋላ በደብዳቤ ጽፏል። የቀን አበሉ 3 ኮፔክ፣ የሩሲያ ሳንቲም፣ ብቻ ነበር። ግማሽ ኮፔክ ለዳቦ፣ ግማሽ ኮፔክ ክቫስ ለሚባለው መጠጥ፣ የቀረው ለወረቀት፣ ለጫማና ለሌላው ነገር። እንዲህ ሆኖ ላቲን የተማረ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1755 የሩሲያኛን ሰዋስው የጻፈው።

እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት መድገም ማለት አንገት ደፍቶ ዝርዝር መገልበጥ አልነበረም። ተማሪው ትምህርቱን በላቲን ይሰማል፣ ሲጠየቅ በላቲን ይመልሳል፣ ከጓደኛው ጋርም በላቲን ይከራከራል። ድምፅ አለው፣ ጥያቄና መልስ አለው። የእኛም የቤተ ክህነት ተማሪ ዳዊት ሲደግም በአፉ ነው የሚደግመው።

ይህ ትርጉም ዛሬም በሩሲያኛ ውስጥ ይታያል። የግል አስጠኚ «ሬፔቲቶር» ይባላል። የቲያትር ልምምድ «ሬፔቲፂያ» ይባላል። ሁለቱም ከዚያችው የላቲን ሥር የመጡ ናቸው። ስለዚህ «መድገም የትምህርት እናት ናት» ስትል አባባሏ የምታወራው ስለ ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ። ተዋናይ ቃሉን እየተንቀሳቀሰና ለሌላ ሰው እየመለሰ እንደሚለማመደው ማለት ነው። ሩሲያውያንም ራሳቸው አንዳንዴ ለአባባሏ ጅራት ይቀጥሉላታል፤ «የሞኞችም መጽናኛ ናት» ይላሉ። ትርጉም የሌለው ድግግሞሽ ምን እንደሚመስል ስላዩ ነው።

አሁን ወደ ፍሬዛል ቨርብ እንምጣ። አንድ ተራ ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመርና አዲስ ትርጉም ሲያመጣ ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። «ሉክ» ማየት ነው። «ሉክ ፎር» ሲሆን መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» ሲሆን መንከባከብ፣ «ሉክ አፕ» ሲሆን መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት ይሆናል። የተለመደው አጠናን ደግሞ እነዚህን በሰንጠረዥ ደርድሮ ከላይ እስከ ታች መሸምደድ ነው። ለእኔ ይህ መጥፎ መንገድ ነው። ሁሉም በ«ሉክ» ስለሚጀምሩ አንዱ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ማታ የተሸመደደው ጠዋት የለም።

የሩሲያኛ ተናጋሪ ግን ባዶ እጁን አይደለም የሚመጣው። ቋንቋው ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ትንሿን ቃል ከግሱ ፊት ለጥፎ። በሶቪየት ዘመን ሞስኮና ኪዬቭ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል፤ በመጀመሪያው የቋንቋ ዓመት ያንገላታቸው እሱ ነው። «ኢቲ» መሄድ ነው። «ቮይቲ» መግባት፣ «ቪይቲ» መውጣት፣ «ኡይቲ» ጥሎ መሄድ፣ «ፔሬይቲ» መሻገር ነው። እንግሊዝኛው ያንኑ «ጎ ኢን»፣ «ጎ አውት»፣ «ጎ አዌይ»፣ «ጎ አክሮስ» ይለዋል። ሩሲያኛ ከፊት ያስቀመጠውን እንግሊዝኛ ከኋላ ያስቀምጣል።

አንዳንዱማ ቁርጥ ራሱ ነው። ስብሰባ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ በእንግሊዝኛ «ፑት ኦፍ» ነው። በሩሲያኛ «ኦትሎዢት» ይባላል። «ኦት» ከአንድ ነገር መራቅን ያሳያል፣ የቀረው ማስቀመጥ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ስብሰባው ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ወረቀት ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማየት «ሉክ ስሩ» ነው። በሩሲያኛ «ፕሮስሞትሬት» ነው፤ «ፕሮ» በመሃል ማለፍን ያሳያል፣ «ስሞትሬት» ማየት ነው። ልጅ መጠበቅ «ሉክ አፍተር» ሲሆን በሩሲያኛ «ፕሪስማትሪቫት ዛ» ነው፤ «ዛ» ኋላ፣ ከኋላ ማለት ነው። ምግቡን ጥርግ አድርጎ መብላት «ኢት አፕ» ነው። በሩሲያኛ «ስዬስት» ነው። ሁለቱም ድርጊቱ ማለቁን ይናገራሉ። ይህን ያየ ተማሪ «አፕ» የምትባለዋን ቃል ሁልጊዜ «ወደ ላይ» ብሎ መተርጎሙን ይተዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መደገም ያለበት ይህ ጥንድ ነው። «ፑት ኦፍ» ከ«ኦትሎዢት» ጋር፣ «ሉክ ስሩ» ከ«ፕሮስሞትሬት» ጋር። ቀጥሎ ሩሲያኛውን ትቶ በእንግሊዝኛ ብቻ መመላለስ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሩሲያኛ የማያውቀው አንድ ወጥመድ አለ። ከፊት የምትለጠፈው የሩሲያኛዋ ቅጥያ ከግሱ አትላቀቅም። የእንግሊዝኛዋ ግን ትላቀቃለች። መብራት ማጥፋት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ማለት ይቻላል፤ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ማለትም ይቻላል። «እሱን» ሲባል ግን «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ ነው። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። ችግሩ «ሉክ አፍተር» ደግሞ ጨርሶ አይላቀቅም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው የሚባለው። ይህን በሕግ ከማስታወስ በአፍ መልመድ ይሻላል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ስብሰባውስ? «ፑት ኢት ኦፍ»። መብራቱስ? «ተርን ኢት ኦፍ»። ልጁስ? «ሉክ አፍተር ሂም»። ፈጠን እያሉ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቁ። አፍ ሲለምደው ጭንቅላት ይገላገላል።

ድምፁም ላይ አደራ። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ጠንከር ተብሎ የሚነገረው «ኦፍ» ነው። የሩሲያኛ ቅጥያ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠነክር ያልፋል፤ «ቪ» የምትባለዋ ድርጊቱ ማለቁን በሚያሳይ ግስ ላይ ጠንክራ ትነገራለች እንጂ። ስለዚህ ተማሪው ትንሿን ቃል ይውጣታል፣ ሰሚውም ትርጉሙን ያጣዋል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። «ፑት ኦፍ» ከማለት ትርጉሙ ያው የሆነውን ባለ አንድ ቃሉን «ፖስትፖን» ማለት ይቀላል። እውነት ነው፣ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉት እና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ተማሪዎቹ ፍሬዛል ቨርብን እየሸሹ ባለ አንድ ቃሉን ግስ ይመርጡ ነበር። ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ የለውም። ባለ አንድ ቃሉ ስህተት አይደለም። ግን ጓደኛህን ቡና ላይ «ፖስትፖን እናድርገው» ስትለው ከቢሮ ደብዳቤ የተቀዳ ይመስላል። ፊልም ስታይና ሰው ሲያወራህ ደግሞ መሸሻ የለህም።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ትውስታን ለካ። በአንድ ቀን 68 ጊዜ የደገመው እና በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ የደገመው እኩል ጠቀሙት። ፍሬዛል ቨርብ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ዜና ነው። በአንድ ቅዳሜ 50 ግስ ከማጥናት አምስት አምስቱን ዛሬ፣ ነገና ከነገ ወዲያ መለማመድ ይበልጣል።

ከሩሲያኛው ጋር የማይገጥሙትን ግን ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ማደግ በእንግሊዝኛ «ግሮው አፕ» ነው፤ በሩሲያኛ «ቪራስቲ» ሲሆን «ቪ» መውጣትን ነው የምታሳየው። «ጊቭ አፕ»ም እንደዚያው ነው፤ እጅ መስጠት ሲሆን «ዝዳትሲያ»፣ ሲጋራ መተው ሲሆን «ብሮሲት» ይባላል። እነዚህን በቅጥያ መገመት አይቻልም። ስለ ራስ በሚነገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ የት እንዳደጉና ምን እንደተዉ ለሰው እየነገሩ መለማመድ ነው የሚያዋጣው።