"እንዴት ነው የምትናገረው?" ብሎ መጠየቅ አያዋጣም

የሰው አነጋገር እንደየሰፈሩ፣ እንደየዕድሜውና እንደየኑሮው ይለያያል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች መረጃ እንዴት እንደሚሰበስቡ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ።

"ብዙ ሰው ካልተጠየቀ ጥናቱ አይታመንም"

መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ "500 መጠይቅ በተንኩ" ሲል ደረቱን ይነፋል። የቋንቋ ተመራማሪው ፒተር ትራድጊል የእንግሊዟን ከተማ ኖርዊችን ያጠናው በ60 ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ሲያወራ አንዷ ድምፅ ብቻ ስንት ጊዜ ከአፉ እንደምትወጣ ቁጠሩት። ጣጣው ሰዎቹ ከየት መጡ የሚለው ላይ ነው። ትራድጊል 50ዎቹን ከመራጮች መዝገብ አወጣ። ልጆች መዝገብ ላይ ስለሌሉ 10 ተማሪ ጨመረበት። ካፌ ለተገኘ ጓደኛ ሁሉ መጠይቅ ማደል ግን የጓደኞችን አፍ ማጥናት ነው።

"ተናጋሪው ራሱ ያውቀዋል፣ እሱን መጠየቅ ነው"

አያውቀውም። አዲስ አበባ ከገባ የቆየ የጎጃም ልጅ ወዳጅ አለኝ። "እኔ እንኳ እንደናንተው 'ሄድኩ' ነው የምለው" ብሎ ሙጭጭ አለ። ቡናችንን ሳንጨርስ ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው። "ደረስሁ እኮ እምዬ! ትናንት ማታ ደረስሁ!" ስልኩን ዘጋና ክርክሩን ካቆመበት ቀጠለ። ራሱን አልሰማም።

ኖርዊችም እንዲሁ ነበር። ብዙ ሴቶች በቴፕ ከተሰማው ይልቅ "የተማረ" አነጋገር አለን አሉ። ብዙ ወንዶች ደግሞ በተቃራኒው ከሚናገሩት በላይ የሰፈር ልጅ ሆነው መታየት ፈለጉ።

"ያለ መቅጃና ያለ ረጅም ቃለ መጠይቅ ጥናት የለም"

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1962 አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭ ኒው ዮርክ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መደብሮችን መረጠ። ሳክስ የሀብታም፣ ሜሲስ የመካከለኛው፣ ክላይን የርካሽ ፈላጊው ነበር። ማወቅ የፈለገው ሠራተኞቹ "ር"ን ያሰሟታል ወይስ ይውጧታል የሚለውን ነው። መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሸጥ አጣራ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ገዢ ቀርቦ "የሴት ጫማ የት ነው?" ይላል። መልሱ በእንግሊዝኛ "ፎርዝ ፍሎር" (አራተኛ ፎቅ) ወይም "ር" ተውጣ "ፎዝ ፍሎ" ነው። በደንብ እንዳልሰማ ሆኖ "ይቅርታ?" ሲል ሠራተኛው ረገጥ አድርጎ ይደግምለታል። ላቦቭ ዞር ብሎ ከዓይን ሲሰወር ይጽፋል፦ መደብሩን፣ ፆታውን፣ የዕድሜ ግምቱን፣ "ር" መኖር አለመኖሯን። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ "ይህ ስንተኛ ፎቅ ነው?" እያለ መጠየቁ ሁሌም ያስቀኛል።

በዚህ መንገድ 264 ሰው አነጋገረ። ሁሌም ይሁን አልፎ አልፎ "ር"ን ያሰሙት በሳክስ 62 በመቶ፣ በሜሲስ 51፣ በክላይን 20 በመቶ ነበሩ። ሁሉም የሱቅ ሠራተኛ ናቸው። የሚለያየው ባንኮኒው ማዶ የሚቆመው ደንበኛ ነው። እርግጥ ዕድሜን በዓይን መገመት ደካማ ጎኑ ነው።

"እንግዲያው መቅጃውን መደበቅ ነዋ!"

ነውር ነው። ፈቃድ ይጠየቃል። ሰው እየተቀዳ መሆኑን ሲያውቅ አፉን እንደሚጠብቅ እሙን ነው። ላቦቭ ለዚህ የዘየደው አንድ ጥያቄ ነው፤ በእኛ አፍ "ዛሬስ አለቀልኝ ያልክበት ቀን አለ?" እንደማለት። ከሞት ያመለጠበትን ቀን የሚተርክ ሰው መቅጃውን ይረሳዋል።

"ጠያቂው ማንም ቢሆን ያው ነው"

የቋንቋ ተመራማሪዋ ሌስሊ ሚልሮይ በ1970ዎቹ የሰሜን አየርላንዷን ቤልፋስት ስታጠና ከተማዋ በግጭት ላይ ነበረች። ፀጉረ ልውጥ በጥርጣሬ ይታያል። ሚልሮይ ወደ ሠራተኛው ሰፈር የገባችው "የእከሌ ጓደኛ ጓደኛ ነኝ" እያለች ነው። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዛ በር ብታንኳኳ ኖሮ፣ በሩ ቢከፈትላት እንኳ የምትሰማው ለእንግዳ የሚወራውን ብቻ ነበር።