የ19ኛው ክፍለ ዘመን የከዋክብት ተመራማሪዎች የደብዳቤ ልውውጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የከዋክብት ተመራማሪዎች ዋነኛ መገናኛ ፖስታ ነበር። አንዱ ያየውን የሰማይ አካል ሌላው እንዲፈልገው ቦታውን በቁጥር ጽፎ ይልካል፤ እግረ መንገዱንም የጤናውን፣ የኑሮውንና የቤተሰቡን ነገር ያነሣል። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖስታው ሲዘገይ ምርምሩም አብሮ ይዘገያል። ጁሴፔ ፒያዚ በፓሌርሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረውን ትንሽ የሰማይ አካል ሴሬስን ባየ ጊዜ፣ በዚያው ወር ለበርሊኑ ቦዴና ለሚላኑ ኦሪያኒ ጅራታም ኮከብ አገኘሁ ብሎ ጻፈ። ከዚያ የላቀ ነገር ሊሆን ይችላል የሚለውን ጥርጣሬውን ግን የገለጠው ለወዳጁ ለኦሪያኒ ነበር። ደብዳቤዎቹ ከሳምንታት በኋላ ሲደርሱ ሴሬስ በሰማይ ላይ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ እየተጠጋች ነበርና ለማየት አልተቻለም። እንደገና የተገኘችው የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ምሕዋሯን ካሰላ በኋላ፣ በዓመቱ ማብቂያ ነው።

መልሰው ካገኟት አንዱ የብሬመኑ ሐኪም ሃይንሪክ ኦልበርስ ነበር፤ ቀን በሽተኛ ያክማል፣ ሌሊት ከቤቱ ፎቅ ሆኖ ሰማይ ይመለከታል። ከጋውስ ጋር የጀመረው መጻጻፍ ከ30 ዓመት በላይ ዘልቋል። በኦክቶበር 1809 የጋውስ ሚስት ከወሊድ በኋላ ስትሞት፣ ጋውስ በማግስቱ የጻፈው ለኦልበርስ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ቤትዎ ያስጠጉኝ ሲል ለመነው። ለኅትመት የማይደፍረውን ሐሳብም የሚያወጣው በደብዳቤ ነበር። ከጥንታዊው ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ከኤውክሊድ ስለተለየው ጂኦሜትሪ ብጽፍ የሚነሣብኝን ጩኸት እፈራለሁ ብሎ በ1829 የነገረው ለኮኒግስበርጉ ፍሬድሪክ ቤሰል ነው።

ከሁሉም ደብዳቤዎች ዝነኛው የኔፕቲዩን ነው። ፓሪስ ውስጥ ኡርባን ሌቬሪዬ የማይታየውን ፕላኔት ቦታ በስሌት ደረሰበት፤ በቴሌስኮፕ የሚፈልግለት ግን አጣ። በበርሊን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የሚሠራው ዮሐን ጋሌ ከዓመት በፊት የዶክትሬት ጽሑፉን ልኮለት ምላሽ አላገኘም ነበር። ሌቬሪዬ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1846 ለጋሌ ሲጽፍ በዚያ በቆየ ጽሑፍ ምስጋና ጀመረ፤ ጉዳይ ሲኖር ምስጋናም ይታወሳል። ደብዳቤው በ23 ደረሰ። የጣቢያው ኃላፊ ኤንኬ ያን ምሽት ልደቱን ያከብር ስለነበር ቴሌስኮፑን ለጋሌ ፈቀደለት። ጋሌ የሚያያቸውን ከዋክብት አንድ በአንድ ሲጠራ፣ ተማሪው ዳሬስት ከአዲስ ካርታ ጋር ያመሳክራል። በመጨረሻ ካርታው ላይ የሌለ ኮከብ ተጠራ፤ ሌቬሪዬ ካለው ቦታ የራቀው ከ1 ዲግሪ ባነሰ ነበር።

እንግሊዛዊው ጆን አዳምስም ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ ውጤቱን በ1845 ለንጉሣዊው የከዋክብት ተመራማሪ ለጆርጅ ኤሪ አቅርቦ ነበር። ኤሪ በደብዳቤ ጥያቄ ላከለት፤ አዳምስ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ኋላ ሁለቱ አገሮች ስለ ግኝቱ ባለቤትነት ሲከራከሩ ያ ዝምታ ብዙ አነጋግሯል።

ያኔ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር በነበረችው፣ በሃምቡርግ አጠገብ ባለችው በአልቶና የተቀመጠው ሃይንሪክ ሹማኸር በ1821 የመሠረተው መጽሔት ብዙውን ጊዜ የሚመጡለትን ደብዳቤዎች ያትም ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ ሰው የወርቅ ሜዳሊያ ሲያዘጋጅም፣ ደንቡ ግኝቱ በመጀመሪያው ፖስታ እንዲገለጽ አዘዘ። አሜሪካዊቷ ማሪያ ሚቸል ኦክቶበር 1 ቀን 1847 በናንተኬት ደሴት አንድ አየች፤ አባቷም ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጻፈላት። ሮም ውስጥ ዴ ቪኮ ያንኑ ያየው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሆኖም የማሳወቂያው ደንብ በትክክል አልተጠበቀም ተብሎ የእርሷ ሽልማት አጠራጠረ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኤቨረት በተራው ደብዳቤ እየጻፈ ተሟገተላትና ሜዳሊያው በ1848 ተፈቀደላት።