የወንድ ብልት ካንሰርን ብልቱን ሳይቆርጡ በሌዘርና በብርሃን ማከም

የወንድ ብልት ካንሰር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርቅ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካና በእስያ አንዳንድ አካባቢዎች ግን ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከብልቱ ጫፍ ወይም ከሸለፈቱ ቆዳ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ትምባሆ እና ወደ ኋላ አልሸሽ ያለ ጠባብ ሸለፈት ለበሽታው ያጋልጣሉ። በሕፃንነታቸው በተገረዙ ወንዶች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ግርዛት ጥንታዊ ልማድ ለሆነባት ኢትዮጵያ ይህ ጸጋ ነው፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም።

ለረጅም ዘመን ሕክምናው መቁረጥ ነበር። ከዕጢው ጋር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይነሳ ስለነበር፣ ትንሽ ቁስል ይዞ የሄደ ሰው ቆሞ መሽናት እንኳን ተስኖት ይመለስ ነበር። ዛሬ ከላይኛው ቆዳ ያላለፈ ወይም ከሥሩ ጥቂት ብቻ የዘለቀ ካንሰር ይህን ያህል ዋጋ አይጠይቅም። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች በሐፍረት ቁስሉን ለወራት ደብቀው ይህ ዕድል ያመልጣቸዋል።

በሌዘር ሕክምና ወሳኙ ነገር ጥልቀት ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ ሌዘሮች በ1964 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፉ ናቸው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የብርሃን ሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ሲሆን፣ በሴሎች ውስጥ ያለው ውኃ ወዲያው ስለሚውጠው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልቅም፤ የታመመውን ቆዳ በስስ በስሱ ያተነዋል። የኒዮዲሚየም ያግ ሌዘር የሞገድ ርዝመት ግን 1,064 ናኖ ሜትር ነው። ውኃ ብዙም ስለማይገታው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠልቆ ሥጋውን በሙቀት ያረጋዋል፤ የሞተው ሥጋ በቦታው ቀርቶ ቀስ በቀስ ይረግፋል። ቁስሉ እስኪሽር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሌዘር የሚያጠፋው ሥጋ ለላቦራቶሪ ስለማይተርፍ፣ አስቀድሞ ናሙና ወስዶ የካንሰሩን ዓይነትና ጥልቀት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ቆዳውን በኮምጣጤ ውስጥ በሚገኘው አሴቲክ አሲድ ይቀቡታል፤ አጠራጣሪው ቦታ ነጭ ሆኖ ድንበሩን ያሳያል።

ሌላው መንገድ የብርሃን ሕክምና ነው። ብርሃን የሚስብ ቅባት ይቀባል፤ ከሰዓታት በኋላ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ቅባቱን ያከማቹ ሴሎች ውስጥ መርዛማ የኦክስጅን ዓይነት ተፈጥሮ ይገድላቸዋል። ለላይኛው ቆዳ ብቻ የሚሞከር ሲሆን ማስረጃው ከሌዘሩ ያነሰ ነው።

ብልቱ ሳይቆረጥ ሲታከም ካንሰሩ እዚያው ቦታ የመመለስ ዕድሉ ከቀዶ ሕክምናው ይበልጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ሊታከም ይችላል። ስለዚህ ታካሚው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወሩ፣ ከዚያም እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ ይመረመራል፤ ሐኪሙ ብልቱን ብቻ ሳይሆን በብሽሽቱ ያሉትን ንፍፊቶችም ይዳስሳል።