ፋይሉን ቫይረስ አልበላውም

ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ደንበኞች ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ምንም ሳልነካው ፎልደሬን ቫይረስ በላው» ሲሉኝ ፊቴ መለዋወጡን መደበቅ አቅቶኛል። አንዱን ፎልደር መርጦ ውልብ ሳይል የሚያጠፋ፣ አጠገቡ ያሉትን ግን የሚምር ቫይረስ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ጎትቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ የጣለው ፎልደር ነው።

ዊንዶውስ አንድ ፎልደር እየተጎተተ ነው ብሎ ለመቁጠር፣ የማውሱ ቁልፍ እንደተጫነ ቀስቱ ከ4 ፒክሰል ያህል ማለፉ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ ዓይን የማይዘው ርቀት ነው። ፎልደሩን ሊከፍት ሁለቴ ክሊክ ያደረገ፣ በተለይም በታችፓድ የሚሠራ ሰው፣ ጣቱ ትንሽ ሲንሸራተት ፎልደሩን ከጎኑ ባለው ላይ ይጥለዋል። ሁለቱም በአንድ ድራይቭ ላይ ካሉ ዊንዶውስ ኮፒ አያደርግም፣ ያዛውራል እንጂ፤ ብዙውን ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎም አይጠይቅም። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ማዛወር የመረጃውን አድራሻ መለወጥ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ጊጋባይት የያዘ ፎልደር እንኳ በቅጽበት ከዓይን ይሰወራል።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የዓመቱ ደረሰኞች ያሉበት ፎልደር ጠፍቶባቸው፣ አንድ «አዋቂ» ጎረቤት በመከራቸው መሠረት ላፕቶፑን ፎርማት ሊያስደርጉ መጡ። የፎልደሩን ስም መፈለጊያው ላይ ስጽፍ የልጆቻቸው ፎቶ ከተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ ወጣ። ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እውነተኛው ጥፋት ያኔ ይደርስ ነበር። ገንዘብ መጠየቅ አሳፈረኝ፤ ለጎረቤታቸው ግን የምለው ነበረኝ።

ስለዚህ ፎልደር ከዓይንዎ ሲሰወር፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከማስነሳትዎ በፊት ኮንትሮልና ዜድን ይጫኑ፤ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ማዛወር ይመልሰዋል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ያደረጉትን አያስታውስም። ሆን ብለው ሲጎትቱ ደግሞ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጎትቱ፤ ሲለቁት ኮፒ ይደረግ ወይስ ይዛወር ብሎ ይጠይቅዎታል። በግራው መጎተት ጀምረው ከተጠራጠሩ፣ ቁልፉን ሳይለቁ ኤስኬፕን ይጫኑ።

«የተሰረዘ ሁሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገኛል» የሚሉም አሉ፤ ከፍላሽ ላይ፣ ከኔትወርክ ፎልደር፣ ወይም በሺፍትና ዲሊት የተሰረዘ እዚያ አይገባም። በላዩ ላይ ሌላ ሴቭ የተደረገበት ፋይልም እንዲሁ።

«የፍላሼ ፎልደሮች ሾርትከት ሆነው ጠፉ» ለሚሉት፣ እዚህ ላይ በእርግጥ ቫይረሱ ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሮቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም።

«በሶፍትዌር ሁሉም ይመለሳል» የሚለው በአሮጌው ተሽከርካሪ ዲስክ ዘመን የተወሰነ እውነት ነበረው። በኤስኤስዲ (ተሽከርካሪ ክፍል በሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ላይ ግን ትሪም የተባለው ትእዛዝ የትኛው ቦታ እንደተለቀቀ ለዲስኩ ስለሚነግረውና ዲስኩም ስለሚያጸዳው፣ ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነገር አይተርፍም።

«ጉግል ድራይቭ ላይ ስላለኝ አልሰጋም» የሚሉኝም አይጠፉም። ከላፕቶፑ ጋር ከተመሳሰለ፣ በስሕተት የሰረዙት ከዚያም ይሰረዛል፤ መጣያው ውስጥ የሚቆየውም 30 ቀን ብቻ ነው። ከሥራ በኋላ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ዲስክ ይግዙ፤ ያልተሰካ ዲስክ ላይ ያለን ፎልደር ማንም በስሕተት አይጎትተውም።