ሊልቲንግ ምንድን ነው?

በድሮው የአየርላንድ ገጠር ጭፈራ የሚደምቀው በሰው ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ነበር። ቫዮሊን ወይም ዋሽንት የሚጫወት በሌለበት ምሽትም ጭፈራው አይቀርም፤ ከተቀመጡት መሀል አንዷ ዜማውን በአፏ ታነሳዋለች፦ «ዲድልዲ ዲድልደም፣ ዲድልዲ ዲድልደም»። ሊልቲንግ ይኸው ነው፤ በመሣሪያ የሚጫወቱትን የጭፈራ ዜማ ያለ ግጥም፣ በአፍ ድምፅ ብቻ ማዜም። በአገሩ ቋንቋ ፖርታራኽት ይሉታል፤ «ፖርት» ማለት ዜማ ነው። ስኮትላንዶችም የአፍ ዜማ አላቸው፤ የእነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም ያለው፣ አንዳንዴም የሚያስቅ ግጥም አለው።

ብዙ ጀማሪ እነዚህን ድምፆች እንዳፈተተው ይደረድራቸዋል። እኔ ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ድምፆቹ ትርጉም ባይኖራቸውም ሥራ አላቸው። «ድ» ስንል ምላስ ድምፁን አግዳ ትለቀዋለች፤ የቫዮሊን ደጋን አቅጣጫ ሲቀይር እንደሚሰማው ያለ ጥርት ያለ መነሻ ይሰጣል። «ል» ደግሞ አንዱን ኖታ ከሌላው ጋር አለስልሶ ያያይዛል። ስለዚህ ጠንካራው ምት ላይ «ድ» ሲያርፍ ጨፋሪው እግሩን የት እንደሚጥል ያውቃል። «ል» እዚያ ቦታ ከገባ ዜማው ትክክል ሆኖም ጭፈራው ይሞታል።

የጭፈራው ዓይነትም ድምፁን ይመርጣል። ጂግ በሦስት በሦስት ይሄዳል፦ «ዲድልዲ፣ ዲድልዲ»። ሪል በአራት በአራት ነው፦ «ደም ዲድልዲ፣ ደም ዲድልዲ»። ሆርንፓይፕ ረዘም አጠር እያለ ይነጥራል። ስለዚህ መማር የሚጀመረው ከጉሮሮ ሳይሆን ከእግር ነው። ተቀምጣችሁ መሬቱን በእግራችሁ እየመታችሁ አንድ ጂግ ደጋግማችሁ ስሙ፤ ከዚያ በዝግታ አብራችሁ በሉት። የተጻፈ ኖታ ማንበብ አያስፈልግም፤ ይህ ሙዚቃ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዋናነት በጆሮ ነው። ዛሬም መምህሩ መሣሪያውን አስቀምጦ ዜማውን በአፉ ለተማሪው ሲያቀብል ማየት የተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረው ፍላ ኪዮል የተባለው የባህል ሙዚቃ ውድድር ለሊልቲንግ የራሱ ዘርፍ አለው። መድረክ ላይ ብቻውን መቆሙ ደስ ይለኛል፤ የመሣሪያ ምትክ ብቻ አለመሆኑ እዚያ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ትንፋሽ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ዜማ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 16 የእግር ምት ሲሆን ሁለት ሁለት ጊዜ ይባላል፣ በጠቅላላው 64 ምት። በጭፈራ ፍጥነት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እንዳለቀ ደግሞ እንደገና ይጀመራል። ቫዮሊን አይተነፍስም፤ ሰው ግን መተንፈስ አለበት፣ ዜማው ደግሞ ለመተንፈሻ የተተወ ባዶ ቦታ የለውም። መፍትሔው ከዋሽንት ተጫዋቾች የሚወሰድ ነው፦ አንድ ደካማ ኖታ ዘላችሁ በእሷ ቦታ ቶሎ ተንፍሱ። ጠንካራውን ምት ግን በፍጹም አትንኩ፤ ጨፋሪው አየር ላይ ነው። ክፍሉ ሲደገም ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ተንፍሱ፤ በመጀመሪያው ዙር የተዘለለችው ኖታ በሁለተኛው ትሰማለች።